የእገሌ ነገር

ልጆቼ፣ አምበር የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ከዓባይ በረሃ ወጥቶ ደጀንን፣ የትኖራንና ሉማሜን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚዘልቀው አስፋልት መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል። የአነደድ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም እዚሁ ስላሉ የገጠሩ ሰው ለግብር፣ ለመሬት ጉዳይ፣ ለክስና ለዕርቅ ወደዚሁ ይመጣል። መኪናውም ባለጉዳዩም ወሬ ሳይዝ አይገባም። ጤፍ ስንት ገባ፣ ማዳበሪያው መቼ ይደርሳል፣ መብራት ለምን ይጠፋል፣ ቦኖው ዛሬ ይከፈታል ወይ፣ የማን ልጅ ታጨች፣ ማን ከማን ተጣላ፤ ጠዋት ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠበቅ የተነሣ ነገር አቦል ተጠጥቶ በረካ እስኪደርስ ሰፈሩን ያዳርሳል። ስለዚህ ነገር ከታላላቆቻችሁ የምትሰሙት ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ወሬ አትውደዱ፣ አፋችሁን ሰብስቡ» ትባላላችሁ። እኔ ይህን አልመክራችሁም። ወሬውን ጠብቁት፣ የሰውን ስም ግን ከወሬው አውጡት እላችኋለሁ፤ ይህ አፍን ከመዝጋት ይልቅ የሚከብድ ምክር ነው።

ወሬን ጨርሶ የሚያወግዝ ሰው የሰፈር ኑሮ በምን እንደቆመ ያስተዋለ አይመስለኝም። ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ ጥሩምባው ግን ቀብር ከመጥራት በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ሰውየው ሳይሞት መታመሙን፣ ታሞም ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ማጣቱን ቀድሞ የሚያውቀው የቡናው ጨዋታ ነው። ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ቤት ሁለት ቀን ጭስ ካልታየ «ምን ሆነው ይሆን?» ብሎ የሚያነሣውም ያው ጨዋታ ነው። የማን ማሳ ደርሶ እጅ እንዳጠረው ካልተወራ ጅጌ አይጠራም። ጤፉን የሚሸጥ ገበሬ ትናንት ደብረ ማርቆስ ላይ በስንት እንደዋለ ካልሰማ ነጋዴው በጠራለት ዋጋ ያስረክባል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክልላችን ውስጥ ጦርነት ሲበረታና ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ደግሞ መንገዱ ተከፍቷል ወይ፣ መኪና ይገባል ወይ፣ በሽተኛ ይዞ መውጣት ይቻላል ወይ የሚለውን ሰው የሚያውቀው ከሰው አፍ ነበር። እንዲህ ያለውን ወሬ ናቅ አድርጎ ቤቱን ዘግቶ የሚቀመጥ ወጣት ጨዋ የሆነ ቢመስለውም ጎረቤቱን ትቷል።

ታዲያ ለጎረቤት የሚደርሰው ወሬና ጎረቤትን የሚበላው ወሬ በምን ይለያሉ? ቋንቋችን ለዚህ የሚሆን አንድ ቃል አለው፤ «እገሌ» የሚለው ነው። ልትናገሩት ያሰባችሁትን ነገር በልባችሁ ያዙና የሰውየውን ስም አንሥታችሁ በቦታው እገሌ፣ እገሊት በሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀር ነገር አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። «እገሊት ቦኖውን በሰዓቱ አትከፍትም» የሚል ወሬ ስሙ ቢወጣለት ቦኖው በሰዓቱ አለመከፈቱ ይቀራል። ያ የሁላችን ጉዳይ ነው፤ ሰዓቱ ይለወጥ፣ ቁልፉ ለሁለት ሰው ይሰጥ ተብሎ ሊመከርበት ይችላል። «የእገሌ ልጅ ከአረብ አገር ባዶ እጇን ተመለሰች፣ እዚያ የሆነችውን እናውቃለን» የሚለው ግን ስሙ ሲወጣለት ማንም ጆሮውን አያቀናለትም። ስንት ልጆች ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። የልጅቷ ስም ሲነሣ ብቻ ሰው ሲኒውን አስቀምጦ የሚጠጋ ከሆነ ወሬው ሲመግበን የነበረው በስሟ ነው ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱ ጉዳይ ነው፣ ሌላው ሐሜት ነው፤ የሚለያቸውም የተናጋሪው ቁጣ ወይም የነገሩ እውነትና ሐሰትነት አይደለም። እውነት የሆነ ሐሜት ብዙ አለ።

ስም እንዲህ የሚከብደው በትንሽ ከተማ ስም ገንዘብ ስለሆነ ነው፤ ይህን የምለው ለማስዋብ አይደለም። እቁብ የሚጀምር ሰው አባላቱን የሚመርጠው በስማቸው ነው፤ ቀድሞ እጣ የወጣለት ሰው ቀሪውን ከፍሎ እንደሚጨርስ የሚታመነው በስሙ ነው። ባለሱቁ በዱቤ የሚሰጠው፣ ዋስ የሚገኘው፣ ሽማግሌ ተልኮ ልጅ የሚጠየቀው፣ የሚከራይ ቤት የሚከፈተው በዚሁ ነው። አዲስ አበባ ስሙ የተበላሸበት ሰው ሰፈር ቀይሮ እንደገና ይጀምር ይሆናል። አምበር ላይ ስሙ የጠፋ ሰው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ቢዛወር ስሙ ቀድሞት ይደርሳል። ሕጉም ይህን ያውቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2044 አንድን በሕይወት ያለ ሰው እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም መሳቂያ እንዲሆን በቃል ወይም በጽሑፍ የሚያደርግን፣ ታማኝነቱን፣ ዝናውን ወይም የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ የሚጥልን ሰው ጥፋተኛ ይለዋል። ሕግ አውጪው የወደፊት ዕድልን ከዝና ጋር አብሮ መጥራቱን ልብ በሉልኝ።

አንድ ሰው ላይ የተለጠፈ ስም በእሱ ብቻ ቢያበቃ ደግሞ ጉዳቱ ባነሰ ነበር። በአገራችን ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚሠራው፣ ሸክላ የምታበጀው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ጥበብ የሚሸምነው ሰው «ቡዳ» እየተባለ ከማዕድና ከጋብቻ ሲገለል ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሆኖም ለጋብቻ ሲጠያየቁ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚነገር ቃል ዛሬም አልጠፋም። ያንን ወሬ በመጀመሪያ ያወራው ሰው ማን እንደነበር የሚያውቅ የለም፤ የተወራባቸው ግን እስከ ልጅ ልጅ ድረስ ይታወቃሉ። ማንም ቤት ያለ ማረሻ አያድርም፣ ያለ ምጣድም አይጋግርም፤ ወሬው ግን ሠሪዎቹን ስማቸውን ነጥቆ አስቀረ።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ወሬው ለመጉዳት ትውልድ ቀርቶ አንድ ቀን እንኳ የማይፈጅበት ጊዜ አለ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. እዚሁ ጎጃም፣ በሰሜን ሜጫ ወረዳ አዲስ ዓለም በምትባል ቀበሌ፣ ለጤና ጥናት የሄዱ ሰዎች ላይ «ሕፃናቱን በመርዝ ሊከትቡ መጡ» የሚል ወሬ ተነዛ። ሁለቱ በሕዝብ ተደብድበው ሞቱ። የወላጆቹ ሥጋት ከንቱ ነበር አልልም፤ ልጁ ምን እንደሚሰጠው የማይጠይቅ ወላጅ ወላጅ አይደለም። ግን ነገሩን በእገሌ መዝኑት። «ለልጆቹ የሚሰጠው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ነበረው፤ ትምህርት ቤቱ ይጠየቅ ነበር፣ ጤና ጣቢያው ይጠየቅ ነበር፣ ደብዳቤው ይታይ ነበር። ወሬው ግን ከሚሰጠው ነገር ወደ ሰጪዎቹ ዞረ፤ «እነዚህ ናቸው» ከተባለ በኋላ የሚጠይቅ ሰው አልተገኘም። ጉዳዩ ስም ሲያገኝ ጥያቄው ሞተ፤ ከጥያቄው ጋር ሁለት ሰዎች ሞቱ።

እዚህ ላይ ከእናንተ የሚነሣውን መቃወሚያ አውቀዋለሁ፤ ተገቢም ነው። ሌባ ሲሰርቅ፣ ባል ሚስቱን ሲደበድብ፣ ጎረምሳ ሕፃን ልጅ ሲያስፈራራ «እገሌ» እያልን እንለፈው ወይ ትሉኛላችሁ። አይደለም። ዝምታን አልመከርኋችሁም። ስም መጠራት ባለበት ቦታ ይጠራ ነው የምለው፤ ቦታውም ስሙ የተጠራበት ሰው መልስ የሚሰጥበት፣ ሰሚውም አንድ ነገር ማድረግ የሚችልበት ነው። አባቶቻችን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። ከብት ተሰርቆ ወይም ሰው ተገድሎ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል፤ እያንዳንዱ ምሎ ያየውንና የሰማውን እንዲያወጣ ይጠየቃል፤ በዳዩ እስኪታወቅም ስብሰባው ይቀጥላል። ሥርዓቱ ጉድለት ነበረበት፤ ንጹሑን ከእርሻው አስቀርቶ ያጉላላ ነበርና ተመልሶ ይምጣ አልልም። አንድ ነገር ግን ተረድቶ ነበር፦ በየጓዳው የሚንሾካሾክ ስም መሐላ ተጨምሮበት አደባባይ ካልወጣ ለተበዳዩ አይረዳም። የምትደበደበው ጎረቤታችሁ ሰፈሩ ሁሉ ቡና ላይ ስላዘነላት ዱላው አይቀርላትም። ስሟን በአሥር ቤት ከማዞር ይልቅ አንድ ሰው በሌሊት በሯን አንኳኩቶ ቢያወጣት፣ ጤና ጣቢያ ቢያደርሳት፣ ፖሊስ ዘንድ ቀርቦ «ጩኸቷን ሰምቻለሁ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት» ብሎ ቢመሰክርላት ይሻላታል። ሁሉም ያወራል፣ ምስክር ሲጠራ ግን «እኔ በዓይኔ አላየሁም» ይላል። ከሐሜት ኃጢአቶች ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ሰፈሩ ስሟን አውቆት መከራዋን ግን የማያውቅላት ሆኖ ይቀራል።

የባለሥልጣኑ ነገር ደግሞ ትንሽ ለየት ይላል፣ በዚህም መለኪያዬ እንደሚላላ አልሸሽግም። ለመሬት፣ ለማዳበሪያ ወይም ለፈቃድ ገንዘብ የሚጠይቅ ሹም «እገሌ» ተብሎ ሲሸፈን የሚጠቀመው እሱ ነው። መንበሩ የሕዝብ ነውና በመንበሩ የሠራው ሥራ የግል ገመናው አይደለም። ቢሆንም ክሱን የሚያጸናው ስሙ አይደለም፤ ቀኑ፣ የተጠየቀው ገንዘብ፣ የተያዘው ወረቀት ነው። እነዚህን ይዛችሁ ሂዱና አቤት በሉ። «ሁሉም ሌቦች ናቸው» እያሉ ስም በስም እየጠሩ ጠላ ቤት ማምሸት ግን ሌባውንም ንጹሑንም እኩል አድርጎ ሌባውን ያሳድረዋል።

«ይህን ሁሉ ያስተማራችሁን እናንተ አይደላችሁም ወይ?» ብትሉኝ ደግሞ የምመልሰው የለኝም። በየሰንበቴውና በየማኅበሩ የሰው ስም ሲያነሣ የሚውለው የእኔ እኩያ ነው፣ ልጆች ከኋላ ተቀምጠው ሰምተውታል። ነገር ግን በእናንተ እጅ የገባው መሣሪያ በእኛ እጅ አልነበረም። የእኛ ሐሜት አፍ በአፍ ሲሄድ እየተዛባም እየተረሳም ነበር፤ ክረምት አልፎ መስከረም ሲጠባ ሌላ ወሬ ይተካዋል። በቴሌግራም ቡድን የተጻፈ ስም ግን አይረሳም፤ ጻፊው ቢጸጽተውና ቢያጠፋው እንኳ ስክሪንሾት ተደርጎ ዲሲና ሪያድ ያለው ዘመድ ዘንድ ደርሷል። ሕጉ ይህንንም ተከትሏል፤ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሠራጨውንም ይይዛል። እኔ ግን በሕግ ላስፈራራችሁ አልፈልግም፤ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ሁለት የታጠቁ ወገኖች ባሉበት አገር «እገሌ ከእነዚያ ጋር ነው» የሚል አንድ መስመር የሰው ነፍስ ይበላል። ጻፊው ቀልዶ ሊሆን ይችላል፣ ቂም ይዞ ሊሆን ይችላል፣ የሰማውን ማካፈሉ ሊሆን ይችላል፤ አንባቢው ማን እንደሚሆን ግን አያውቅም። በእንዲህ ያለ ጊዜ በስልካችሁ ላይ የሰው ስም ከመጻፋችሁ በፊት እጃችሁ እንዲከብዳችሁ እለምናችኋለሁ። ማስጠንቀቅ ካለባችሁ ሰውየውን ለብቻው አግኝታችሁ አስጠንቅቁት።

የቀረው የአደራረጉ ነገር ነው፣ እሱም ቀላል አይደለም። በቡና ላይ ተቀምጣችሁ ታላቃችሁ የሆነች ሴት የሰው ስም ስታነሣ «ሐሜት ነው፣ ይተዉ» ብትሏት ባለጌ ትባላላችሁ፤ እውነትም ነውር ነው። ግን ታናሽ ሰው ሊጠይቅ ይፈቀድለታል። «እማማ፣ አይተውት ነው ወይስ ሰምተው?» የሚለው ጥያቄ በለዘበ ድምፅ ከተጠየቀ ማንንም አያስቀይምም፣ ወሬውንም ግማሽ መንገድ ላይ ያቆመዋል። ወይም ስሙን ዘላችሁ ጉዳዩን አንሡ፤ ልጅቷ ከአረብ አገር ባዶ እጇን ተመለሰች ከተባለ «ለመሆኑ እዚያ ደመወዝ ሲከለከሉ አቤት የሚባልበት አለ ይሆን?» በሉ፤ ከተቀመጡት ውስጥ እህቷን ወይም ልጇን የላከች አትጠፋምና ጨዋታው ወደዚያ ይዞራል። ይህም ካልሆነላችሁ ከሰል ላምጣ፣ ውሃ ልቅዳ ብሎ መነሣት አለ። ከሁሉ በላይ ግን ስሟ የሚነሣባትን ልጅ ራሷን ጥሯት። ነገ ቡና ስታፈሉ አንድ ሲኒ ጨምሩና ወንድማችሁን በሯ ድረስ ላኩባት፤ መጥታ ስትቀመጥ ስለ ሄደችበት አገር አትጠይቋት፣ ራሷ ካላነሣችው። ቆሎው ሲዞር ለእሷም ይድረሳት፣ ቦኖው በስንት ሰዓት እንደሚከፈትም ንገሯት፤ ገና መምጣቷ ነውና አታውቅ ይሆናል።