የጎተራው አዋጅ

በአንድ ደጋ አገር አንድ ደጃዝማች ነበሩ አሉ። ጎተራቸውን ለብዙ ዘመን የጠበቁት ሽማግሌ ዓይናቸው ደክሞ ጤፉን ከዳጉሳው መለየት ሲያቅታቸው፣ ደጃዝማቹ «ስፍር የሚያውቅ፣ እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው ፈልጉልኝ» ብለው አስነገሩ።

ሦስት ሰዎች መጡ። አንደኛው ስፍር አያውቅም። ሁለተኛው ያውቃል፤ ግን የደጃዝማቹ ባለዕዳ ነበርና ጎተራ ውስጥ ማስገባቱ አላማራቸውም። ሦስተኛው ከጣና ዳር የመጣ ወጣት ነው። ዳዊት ደግሟል፤ እህል ገበያ ውሎ ሒሳብ ለምዷል። የጠየቁትን ሁሉ ጣቱን ሳይቆጥር መለሰላቸው። «በል እንግዲህ ስፈር፤ ልይህ» ሲሉት ቁናውን ሊያነሣ ጋቢውን መለስ ቢያደርግ፣ በቀኝ እጁ ጀርባ ላይ አውራ ጣት የምታህል ዓሣ ተነቅሳ ታየች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ዓሣ ነው ጌታዬ።»

«ዓሣነቱንማ አየሁት። ለምን ተነቀስኸው?»

«ለምንም አይደለም ጌታዬ። ሐይቅ ዳር ነው ያደግሁት፤ ወደድሁትና ተነቀስሁት።»

ስለት ነው ቢላቸው፣ የአባቶቼ ልማድ ነው ቢላቸው፣ ደዌ ይዞኝ ነበር ቢላቸው ደጃዝማቹ ነገሩን የሚያስቀምጡበት ቦታ አያጡም ነበር። «ወደድሁት» ለሚል መልስ ግን ቦታ አልነበራቸውም። «ገበሬው ግብሩን ተሸክሞ መጥቶ ይህን እጅ ሲያይ ምን ይላል? ጎተራዬ የአዝማሪ ቤት ነው?» አሉና ጸሐፊውን አስጠሩ። አዋጁ አንድ መስመር ነበር፦ ቆዳውን የተነቀሰ ሰው ከእንግዲህ በግቢዬ ሥራ አይያዝ፤ የያዘም ይልቀቅ። በመጪው ቅዳሜ በገበያ መካከል ነጋሪት ተመትቶ ይነበባል ተባለ። ወጣቱ ስንቁን ጨርሶ ነበርና ወደ አገሩ የሚሄድ ነጋዴ እስኪያገኝ ከበሩ ማዶ ካለችው ዋርካ ሥር ተቀመጠ።

የግቢው አጋፋሪ የታዘዘውን ከቃሉ ሳያጎድል፣ በቃሉም ላይ ሳይጨምር የሚፈጽም ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ደጅ የለም፤ ሲጠቅምም ሲጎዳም እኩል ነው።

በማግሥቱ ጠዋት መሶብ ቀርቦ ሲከፈት ባዶ ሆነ።

«እንጀራ ጋጋሪዎቹ የት ሄዱ?» አሉ ደጃዝማቹ።

«በር ላይ ናቸው ጌታዬ» አለ አጋፋሪው። «አምስቱም አንገታቸው ተነቅሷል።»

እውነቱን ነው። ከአገጫቸው ሥር ጀምሮ እስከ አንገታቸው ግርጌ፣ ድርብ ድርብ ሆኖ፣ ሐብል የመሰለ ንቅሳት ወርዶባቸዋል። ደጃዝማቹ በዚያ ግቢ ተወልደው ሲያድጉ እነዚያን አንገቶች በየቀኑ ሲያዩ ኖረዋል፤ ንቅሳት መሆናቸው ግን ትዝ ብሏቸው አያውቅም። «የሴት አንገትማ ሌላ ነው፤ ጌጥ ነው! ጻፍ፦ ከአንገት ጌጥ በቀር» አሉ። እንጀራው መጣ።

በምሳ ሰዓት እንግዶች ነበሩ። የደጃዝማቹ ባለቤት በሳቃቸው የታወቁ ወይዘሮ ናቸው፤ እንግዳ የሚመጣው ግማሹ ለጠጁ፣ ግማሹ ለሳቃቸው ነው ይባላል። ያን ቀን ከንፈራቸውን ገጥመው ተቀመጡ። ደጃዝማቹ ጨነቃቸው።

«ነገሬ አልጣመሽም?»

«ነገርዎስ ጥሞኛል። ብስቅ ግን ድዴ ይታያል፤ ድዴ ደግሞ ተነቅሷል። በአዋጅ የተከለከለ ነገር በእንግዳ ፊት እንዴት ላውጣ?»

ጸሐፊው ሳይጠራ መጣና ድድን ጨመረ።

ከሰዓት በኋላ ተራው የባልደራሱ ሆነ። ይህ ሰው ልጅ ሳለ እንቅርት ሊወጣበት ሲል እናቱ አንገቱን ዙሪያውን አስነቅሳዋለች። ጌጥ እንዳይባል ወንድ ነው። በቅሎዎቹ ግን ከእሱ በቀር ለማንም አይለጎሙም። «ለመድኃኒት የተደረገም አይቆጠርም» ተብሎ ተጻፈ።

በሦስተኛው ቀን የደጃዝማቹ እናት ከርስታቸው መጡ። አጋፋሪው መሬት ላይ ተደፍቶ እጅ ነሣ፣ ጉልበታቸውን ሳመ፤ አላስገባቸውም።

«እሜቴ፣ ግንባርዎ ላይ መስቀል አለ።»

«አንተ ከመወለድህ በፊትም ነበረ።»

«አውቃለሁ እሜቴ። አዋጁ ግን የትናንት ወዲያ ነው።»

ደጃዝማቹ በባዶ እግራቸው እየሮጡ ወጡ። «መስቀልማ ሃይማኖት ነው! ጻፍ!» ሲሉ ጸሐፊው ብራናው ማለቁን አሳያቸው። ሌላ ቁራጭ ተሰፍቶ ተቀጠለበት።

ቅዳሜ ነጋሪቱ ተመታ። ጸሐፊው አዋጁን በአንድ ትንፋሽ አነበበና «ከዚህ በቀር» የሚሉትን ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ቆሞ ተነፈሰ። ሲያበቃ አንድ አዛውንት ገበሬ ከሕዝቡ መካከል እጃቸውን አነሡ። «ጌቶች፣ ሰምተናል። የተፈቀደላቸውን ሁሉ ነገራችሁን። እንግዲህ የተከለከለው ማን ነው?»

መልስ የሚሰጥ ጠፋ። አጋፋሪው ግን የተጠየቀውን የሚመልስ ሰው ነውና በጣቱ ጠቆመ፦ «ያ፣ ከዋርካው ሥር የተቀመጠው።»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ደጃዝማቹ አልሣቁም። «የሌሎቹ ምክንያት አለው» አሉ። «የዚህ ልጅ ግን ምክንያት የለውም።»

ያን ጊዜ እናታቸው ተናገሩ። «የእኔን ምክንያት ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ሰባት ዓመቴ ነበር። ሁለት ሴቶች እጄን፣ ሁለቱ እግሬን ይዘው ነቃሿ እሾኋን ጥላሸት ውስጥ እየነከረች ወጋችኝ። ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘጋ። ማንም ይሁን አይሁን ብሎ አልጠየቀኝም። ሳልጠየቅ የተደረገብኝን አከበርህልኝ፤ ይህ ልጅ ወድዶ ያደረገውን ግን ነውር አልኸው።» ቀጥለው ወደ ወጣቱ ዞሩ። «አንተም ደግሞ! ገላህ ሁሉ ቦታ ሳለ እጅህ ጀርባ ላይ? ሥራ ለመለመን መጀመሪያ የሚዘረጋው እጅ መሆኑን አላሰብህም?»

«አላሰብሁም እሜቴ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር።»

ደጃዝማቹ ብራናው እንዲፋቅ አዘዙ። በምትኩ «ጎተራዬን የሚይዝ ስፍሩ የማይዛባ ይሁን» ተብሎ ተጻፈ። ወጣቱም እዚያው በገበያው ፊት አንድ ጎታ ገብስ ሰፈረ፤ ትክክል ሆነ፤ ተቀጠረ።

እንደ ተረት ቢሆን ኖሮ ይህ ልጅ ጎተራውን ከእሳት ያድን ነበር፣ ወይም የደጃዝማቹን ልጅ ያገባ ነበር። ምንም አላደረገም። ደህና ሠራተኛ ሆነ። አንድ ክረምት ሁለት ቁና ባቄላ ተሳስቶ በብርቱ ተወቀሰ፤ በዚያ ወቀሳ ውስጥ ዓሣዋን ያነሣ ሰው አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው ለረዳትነት መጣ። ክንዱ ላይ ከጎረቤት ወገን ስንት ሰው እንደገደለ በነጥብ አስነቅሷል። ደጃዝማቹ መለሱት። የዚያ ወገን ሰዎች ግብራቸውን የሚያስረክቡት በዚያ በር ነውና፣ ያንን ክንድ እያዩ ስፍሩን አያምኑም። ባለ ዓሣውም «ልክ ነዎት» አለ ይባላል።

እነሆ ምሳሌው። ደጃዝማቹም ዓሣዋም የሉም። አዋጁ ግን በየአገሩ አለ፤ የሚቀጠልበትም ብራና እንዲሁ።

የኒውዚላንድ አየር መንገድ ዩኒፎርም የሚለብሱ ሠራተኞቹ የሚታይ ንቅሳት እንዳይኖራቸው ይከለክል ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአውሮፕላኖቹ ጭራ ላይ የሚታየው ኮሩ የሚባለው ጥምዝ ምልክት ደግሞ ከማኦሪዎች ጥበብ የተወሰደ ነው፤ ያው ጥምዝ በንቅሳታቸውም ውስጥ አለ። ምልክቱ በብረት ላይ ሲሳል አርማ፣ በቆዳ ላይ ሲሆን ነውር ማለት ነው። አየር መንገዱ ክልከላውን በፈረንጆቹ መስከረም 2019 አነሣው፤ ያነሣውም ማኦሪዎችን ብቻ ለይቶ ሳይሆን፣ ሰው የማይሰድብ ንቅሳት ላለው ሠራተኛ ሁሉ ነው። በቀጣዩ ዓመት አገጫቸው ላይ የማኦሪ ንቅሳት ያለባቸው ናናያ ማሁታ የዚያች አገር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ።

የአሜሪካ ምድር ጦር ደግሞ በሰኔ 2022 በእያንዳንዱ እጅ ላይ ከአንድ ኢንች ያልበለጠ፣ በማጅራት ላይ እስከ ሁለት ኢንች የሚደርስ ንቅሳት ፈቀደ። ፊት ላይ ግን አሁንም ክልክል ነው። በዚያው የበጀት ዓመት ጦሩ ሊመለምል ካቀደው 60,000 ሰው ውስጥ 15,000 ያህሉን ሳያገኝ ቀርቷል። የወታደር እጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ተለውጦ አይደለም፤ መሶቡ ስለጎደለ ነው። ተፈላጊ የሆነ ሰው ንቅሳቱ ቶሎ ይለመዳል።

ወደ ጀርመኗ ባቫሪያ ስንሄድ «ከዚህ በቀር» የማይጻፍለት ዓይነት ሰው እናገኛለን። አንድ ፖሊስ ክንዱ ላይ «አሎሃ» የሚለውን የሃዋይ ሰላምታ ለመነቀስ አለቆቹን ፈቃድ ጠየቀ፤ ከለከሉት፤ ከሰሰ። የጀርመን ፌዴራል አስተዳደር ፍርድ ቤት በ2020 ክልከላውን አጸናው። እኔ «ጤና ይስጥልኝ» የሚል ክንድ ያለው ፖሊስ ቢያስቆመኝ የምፈራ አይመስለኝም። ሆኖም ለባቫሪያዎች አንድ ነገር አልነሣቸውም፦ ክልከላው በሕግ ተጽፏል፤ ሰውየውም ከመርፌው በፊት ያውቀዋል።

በእኛ ዘንድ ነገሩ የተድበሰበሰ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በብሔር፣ በአካል ጉዳት ምክንያት ሠራተኛን መለየት ይከለክላል፤ ስለ ንቅሳት የሚናገር አንቀጽ ግን የለውም። ስለዚህ ጉዳዩ በየመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ደንብ፣ ደንብ በሌለበትም በጠያቂው ፊት መጨማደድ ይወሰናል። ያ ጠያቂ ምናልባት አንገቷን የተነቀሰች እናት ያሳደገችው ሰው ነው፤ የእናቱን ሲያይ ባህል፣ የአመልካቿን ሲያይ ዱርዬነት ይታየዋል። ከባህሉ አገር የወጣችውንም ዕዳው ይከተላታል። ወደ እስራኤል ከሄዱት ቤተ እስራኤል እናቶች መካከል በክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው መካከል ሲኖሩ ግንባራቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ ነበሩ፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ በሌዘር ያስጠፉት አሉ። በአንዱ አገር መግቢያ የሆነ ምልክት በሌላው አገር በር ላይ ያስቆማል።

ለወጣቱ የምለው የደጃዝማቹ እናት የተናገሩትን ነው። ሌዘር ብዙ ምልልስ፣ ብዙ ገንዘብና ሕመም አለው፤ እጅ፣ አንገትና ፊት ደግሞ ከሸሚዝ ውጭ ናቸው። ወደህ ከሆነ ወደህ አድርገው፤ ግን ገና ያላየኸው ቀጣሪ እንዳለ እያወቅህ።

ቀጣሪ ሆይ፣ የመልክ ደንብ ካለህ በጽሑፍ አውጣውና ከክፍት የሥራ ቦታው ማስታወቂያ ጋር ለጥፈው። ምክንያቱንም ጻፍ፤ ከሥራው ጋር የሚገናኝ ምክንያት ካላገኘህ ደንቡን ተወው። ፈተና አስፈትኖ፣ ሰነድ አስመጥቶ፣ ዋስ አስጠርቶ፣ በመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ላይ እጅ አይቶ «እንደውላለን» ብሎ መሸኘት ግፍ ነው።