የቁልቢ ዕለት ልጅ

ልጄ የተወለደው ታኅሣሥ 19 ነው፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 28 ቀን 2008። ባለቤቴ ሌሊቱን ሙሉ «የቁልቢው ገብርኤል!» ስትል አድራ ጎህ ሲቀድ ተገላገለች። እልልታዋን ሰምተው አዋላጆቹ ደነገጡ። ስም የመምረጥ ጣጣ አልነበረብንም።

ያ ዕለት ለአይስ ሆኪ ተጫዋች ክፉ ቀን መሆኑን የተረዳሁት ልጁ 14 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ካናዳ ውስጥ የሆኪ ልጆች የሚመደቡት በተወለዱበት ዓመት ነው፤ ድንበሩም ጃንዋሪ 1። ገብርኤል አራት ቀን ቢያዘገይብን ኖሮ ልጄ ከ2009ኞቹ ጋር ታላቅ ሆኖ ይሰለፍ ነበር። አላዘገየም። ስለዚህ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን በቀረው ዕድሜ ከሚበልጡት ጋር ታናሽ ሆኖ ቆመ። በዚያ ዕድሜ አንድ ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ካልገሪ ውስጥ የመልበሻ ክፍል በር ላይ የቆመ አባት ያውቀዋል። አንዱ ጢም ጀምሮት ድምፁ ጎርንኗል፤ የኔው በቀጭን ድምፅ «አባዬ፣ ውሃ» ይላል። እድገት ሲነሳባቸው በዓመት 9 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር የሚመዘዙ አሉ። ያ ዓመት ግን ለሁሉም እኩል አይመጣም።

የሆኪው የብቃት ፈተና ቀን ትዝ ይለኛል። ዝላይ፣ ሩጫ፣ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ አገጭን ማሻገር፣ በመጨረሻም 30 ሰከንድ ያለ የሌለ ኃይልን አሟጦ ብስክሌት መርገጥ። የብስክሌቱ ፈተና ስሙ «ዊንጌት» ነው ሲሉኝ ሳቄ መጣ። ፈተናው የወጣው እስራኤል ካለው የዊንጌት ተቋም ነው፤ ተቋሙ የተሰየመው ደግሞ በ1941 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም በኩል በገባው እንግሊዛዊ መኮንን ነው። እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ። አያቴ «ያንን ሰው በዓይኔ አይቼዋለሁ» ይል ነበር፤ እውነት ይሁን ጉራ እንጃ። ስሙ ካልገሪ ድረስ ተከትሎኝ ልጄን ያስለቅሰዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

አለቀሰ። ብረቱ ላይ የወጣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። በመኪና ስንመለስ «መክሊትህን ቀበርከው» አልኩት።

መክሊት በእኛ ቋንቋ ገንዘቡም ነው፣ ተሰጥኦውም። የኔታ ስለ አምስቱ፣ ስለ ሁለቱና ስለ አንዱ መክሊት ሲነግሩን እኔ የምፈራው ያንን ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። እንደ እሱ ሰነፍ እንዳልሆን። ልጄም እንዳይሆን ምድር ቤት በር ላይ ብረት ገጠምኩለት፤ ዐቢይ ጾምን በሽሮ እየዋለ ይንጠለጠል ነበር። እናቱ ታየኝና ዝም ትላለች። የእሷ ዝምታ ከስብከት ይከብዳል።

አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጦ ጨዋታ የሚያይ አባት ሊያጽናናኝ ፈለገ። በ2014 ሳም ቤኔት የተባለው ተጫዋች በትልቁ ሊግ ፈተና ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ራሱን መሳብ አቅቶት እንደነበር አስታወሰኝ። የኛው ካልገሪ ፍሌምስ ግን በ4ኛ ምርጫ ወሰደው፤ በ2025 በፍሎሪዳ ፓንተርስ ማሊያ የጥሎ ማለፉ ኮከብ ሆነ። ከዚያ ስለ ሌዝብሪጅ ነገረኝ። ከእኛ በመኪና ሁለት ሰዓት ወደ ደቡብ ነው። ሮጀር ባርንስሊ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እዚያ ከባለቤቱ ጋር ጨዋታ ሲያይ፣ እሷ የተጫዋቾቹን ዝርዝር ስታገላብጥ የልደታቸው ቀን በዓመቱ መጀመሪያ ወራት መታጨቁን ልብ አለች። በ1985 የወጣው ጥናታቸው ነገሩ የአንድ ቡድን አጋጣሚ እንዳልሆነ አሳየ። ተአምር የለበትም። በ9 ዓመቱ ገዘፍ ያለው ይመረጣል፤ የተመረጠው ሻል ያለ አሠልጣኝና ብዙ የበረዶ ሰዓት ያገኛል፤ በ14 ዓመቱ ሲፈተን እውነትም ይበልጣል። ከሌለው ተወስዶ ላለው የሚጨመርበት፣ በምሳሌው መጨረሻ ያለው ያ ከባድ ፍርድ ነው፤ እዚህ ግን ገና ማንም ሳይነግድ ተፈረደ።

ደግሞስ ትልቁ ልጅ ትልቅነቱን ከየት አመጣው? የሞንትሪያል ካናዲየንስን ተጫዋቾች ከ1917 እስከ 2003 ያነጻጸረ ጥናት አለ። የቅርቦቹ ከ1920ዎቹና ከ1930ዎቹ ሰዎች በአማካይ 17 ኪሎ ከብደው፣ 10 ሳንቲ ሜትር ረዝመው ተገኙ። የቀድሞዎቹ ሰነፎች ስለነበሩ ነው የሚል ይኖራል? ወተቱ፣ ክትባቱ፣ የክብደት ማንሻው ክፍል፣ ግዙፍ ልጅ የሚያድነው የመልማይ ዓይን፤ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ልጁ ራሱ አላመጣውም።

እዚህ ላይ ግን ፈራሁ። ሁሉም የተሰጠ ከሆነ ማን ይመሰገናል? ልጄ በዚያ ብርድ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ሳልቀሰቅሰው ይነሳል። መነሳቱስ ስጦታ ነው? የኔታ «እሱም ጸጋ ነው» ይሉኝ ነበር። አባቴ ደግሞ እርፍ ያሻከረው መዳፉን ያሳየኛል። ሁለቱንም አምናለሁ፤ ማስታረቁ ግን አልሆነልኝም።

ምሳሌውን እንደገና ያነበብኩት ያኔ ነው። ስንት ጊዜ ሰምቼው ያላስተዋልኩትን አገኘሁ፤ አምስት ያተረፈውና ሁለት ያተረፈው የሰሙት ምስጋና አንድ ነው። ጌታው ለእያንዳንዱ ምን እንደሰጠ ያውቃላ! ሰዓት የያዘው አሠልጣኝ ግን የሚያየው የመጣውን ብቻ ነው፤ የተሰጠውን ከየት ይወቀው? እኔ ነበርኩ የማውቀው። የተወለደበትን ሰዓት ሳይቀር።

የራሴን ልደት አላውቅም። ሱዳን መጠለያ ውስጥ መዝጋቢው ሲጠይቀኝ እናቴ እንደነገረችኝ «ለኅዳር ሚካኤል ሰሞን» አልኩት። ጃንዋሪ 1 ብሎ ጻፈ። እንደኔ ያለ ሐበሻ ብዙ ነው፤ ዕለቱ ሲደርስ እየተደዋወልን «እንኳን አብረን ተወለድን» እንባባላለን።

ባለፈው ጃንዋሪ 1 ልጄ ሰፈራችን ወዳለው የበረዶ ሜዳ ጎትቶ ወሰደኝና ስኬት አስጫማኝ። (ጫማው በእኛ ፊደል ሲጻፍ ስኬት መሆኑ ማንን ያታልላል?) የወረቀቱን ነገር ያን ዕለት ነገርኩት። ያን ቀን መኪና ውስጥ ያልኩትንም ላነሳ አሰብኩና ቃሉ ጠፋኝ።

«አባዬ፣ በሆኪ ካንተ የተሻለ ልደት ያለው ሰው የለም እኮ!» ብሎ ሳቀ። «ማሰሪያውን ግን ገልብጠህ ነው ያሰርከው።»

ከዚያ በረዶው ላይ ተንበርክኮ ፈታልኝና እንደገና አሰረልኝ።