ከክትክታው ዛፍ ሥር

እኛ እዚህ አሜሪካ አዲስ ዓመትን ሁለቴ እንቀበላለን፤ በመስከረምና በጃንዋሪ። ሁለቴም ቃል እንገባለን፦ «ከዛሬ ጀምሮ አልጠጣም።»

አንድ ወንድም እንዲህ ብሎ በሁለተኛው ሳምንት ወደቀ። እያለቀሰ ሲመጣ «በርታ፣ ጸልይ» ብዬ ሸኘሁት። እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ? ሐኪም አይተሃል ወይ? ብዬ አልጠየቅሁትም። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

1ኛ ነገሥት 19ን እዩ። ኤልያስ በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ሲወርድ ያየ ሰው ነው። ግን ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። መልአኩ ገሠጸው? የለም! ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። ተመልሶ ተኛ፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። «ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በኮሬብ ነው። እግዚአብሔር የደከመ ሥጋን አይንቅም።

ወገኖቼ፣ ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ራሱን ስቶ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጣት አይደለም። እንደ ኤልያስ ሞትን የሚመኝ ሰው እዚህ ካለ ደግሞ ዛሬ ብቻውን አይደር፤ 988 ይደውል፤ እኔንም ከእንቅልፌ ይቀስቅሰኝ።

የወደቀውን አንማ። እንጎቻ ይዘን ወደ ቤቱ እንሂድ። የዘንድሮው ቃላችን ይህ ይሁን። አሜን?