ሲወቀጥ ብርሃኑ የሚለወጠው መዳብ

 

ዛሬ ስለ መዳብ ላውጋችሁ። አዎ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ስለሚሠራበት መዳብ።

4 የመዳብና 4 የአዮዲን አተሞች እንደ ኩብ ተያይዘው፣ በየመዳቡ ጫፍ ፒሪዲን የሚባል ሞለኪውል ሲጣበቅ የሚገርም ውህድ ይገኛል። አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት፣ በክፍል ሙቀት ቢጫ ያበራል። በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ድረስ ሲቀዘቅዝ ግን ሰማያዊ ያበራል። የተጨመረበት የለም፣ የተቀነሰበትም የለም። ሙቀቱ ሲመለስ ቢጫውም ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ተመራማሪዎች የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ የመዳብ ውህድ በሙቀጫ ሲፈጭ ብርሃኑ እንደሚለወጥ ጻፉ። የክሪስታሉ አደራደር ሲዛባ፣ መዳቦቹ እርስ በርስ ያላቸው ግንኙነትም ስለሚለወጥ ነው። ይህም ለውጥ ተመላሽ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ እውነተኛው ቀለሙ የትኛው ነው?

ሁለቱም የሱ ናቸው። በሙቀት ብቻ ያየው ሰው ገና አላወቀውም።

ወንድሜ፣ በረመዳን ተራዊህ ላይ የምታለቅሰው አንተ ነህ። ብር ሲያልቅብህ እናትህ ላይ የምትጮኸውም አንተው ነህ። «እኔ አይደለሁም፣ ጭንቀቱ ነው» እንላለን። ጭንቀት ሙቀጫው ነው፤ የወጣው ቀለም ግን የኛ ነው። መዳቡ ምርጫ ስለሌለው አይጠየቅም። አላህ ለኛ ግን ዐቅል ሰጥቶናል። ስለዚህ ጭንቀት ለምን እንደጮህን ያስረዳል እንጂ ከተጠያቂነት አያወጣንም።

ታዲያ ሌላው ሰው ሲለወጥስ?

ዩኒቨርሲቲ እያለን አንድ የዶርም ጓደኛችን ሶላት መስገድ ተወ። «ተበላሸ» ብለን ራቅነው፣ ሙናፊቅ ያለውም ነበር። አባቱ ታመው እንደነበር የሰማነው ከወራት በኋላ፣ ካረፉ በኋላ ነው። ቀለሙን አይተን ፈረድንበት። የተወቀጠበትን ሙቀጫ ግን አንዳችንም አልጠየቅንም። እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። የራሳችሁን ሙቀጫም፣ ውስጡ ሆናችሁ የመረጣችሁትንም ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ራሳችሁን ተሳሰቡ። የወንድማችሁን ግን ከውጭ ቀለሙን ብቻ ነው የምታዩት፤ ስለዚህ ዑዝር ፈልጉለት። እኛ የምናደርገው ግን ተቃራኒውን ነው፦ ለራሳችን ዑዝር፣ ለሰው ፍርድ።

ቀልብ የሚለው ዐረብኛ ቃል ራሱ ከመገለባበጥ ጋር የተያያዘ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንኳ አላህ ቀልባቸውን በዲኑ ላይ እንዲያጸናላቸው አብዝተው ይለምኑ ነበር። እሳቸው ከለመኑ እኛ በምን ተማምነን እንተወዋለን?

ዛሬ ከዐስር በኋላ ይህንን ዱዓ አድርጉ። ከዚያም ከጀመዓው የጠፋ አንድ ጓደኛችሁን ደውላችሁ፣ «የት ጠፋህ?» ከማለት በፊት «እንዴት ነህ?» በሉት።

አላህ ቀልባችንን ያጽናልን፤ የተለወጥነውንም በተውባ ይመልሰን። አሚን።