ማሰርና መፍረድ

በአንድ የጦር ሰፈር ውስጥ፥ መቆም በተከለከለበት ስፍራ አንድ አውቶሞቢል ቆሞ ተገኘ እንበል። ዘበኛው የብረት መቆለፊያ አምጥቶ ጎማውን ይቆልፍበታል፤ ባለመኪናውም መቀጫውን ካልከፈለ ወይም ከአለቃው ፊት ካልቀረበ መኪናው ከዚያ ንቅንቅ አይልም። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የሥልጣን ጠባይ ይልቁን የሚታወቀው በትንንሹ ነገር ነውና፥ ማሰር የሚችል ሁሉ ለማሰር መብት አለውን? ብለን ልንመረምር እንወዳለን።

ይህን ብረት የፈለሰፈው ወታደር ወይም ዳኛ ሳይሆን፥ በአሜሪካ የዴንቨር ከተማ ኦርኬስትራ ቫዮሊን ተጫዋች የነበረው ፍራንክ ማሩግ ነው። የከተማው ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1955 ሥራ ላይ አዋለው፤ ከዚያም ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ። መሣሪያው አንድ ሲሆን ፍርዱ ግን እንደ ያዘው እጅ ተለያየ። በስኮትላንድ ከፍተኛው የወንጀል ፍርድ ቤት፥ በግል መሬት ላይ የቆመን የሰው መኪና ቆልፎ የመፍቻ ገንዘብ መጠየቅ ስርቆትና አስገድዶ ገንዘብ መቀበል ነው ሲል እ.ኤ.አ. በ1992 ፈረደ። በእንግሊዝና በዌልስም እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሕግ ያለ ሕጋዊ ሥልጣን መኪና መቆለፍን ወንጀል አደረገው። እንግዲህ ቁልፉን መያዝ ብቻውን መብት አይሆንም ማለት ነው።

በርግጥ የጦር ሰፈር እንደ ገበያ መንገድ አይደለም። የእሳት አደጋ መኪና፥ አምቡላንስና የወታደር ካሚዮን በማናቸውም ሰዓት ሊያልፉበት ይገባል። ያለ ቦታው መኪናውን ያቆመ ሰውም እርሱ አስቀድሞ የሌላውን መንገድ አስሯልና፥ ተበደልሁ ብሎ ለመጮኽ አፉን ሊሞላ አይችልም። ይሁን እንጂ መንገድ የዘጋን መኪና በብረት መቆለፍ መንገዱን ሁለተኛ መዝጋት ነው። አደጋን ለማራቅ የሚሻ አለቃ መኪናውን ያስነሣል እንጂ አያስርም፤ ካሰረው ግን ሥራው ጥበቃ መሆኑ ቀርቶ ቅጣት ይሆናል። ቅጣት ደግሞ የተከሳሹን ቃል መስማትን ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ1892 የወጣው የብሪታንያ የወታደር መሬት ሕግ ይህን ልዩነት የተገነዘበ ይመስላል። የሰፈሩን ደንብ ተላልፎ የተገኘ መኪና እንዲነሣ ለፖሊስና ሥልጣን ለተሰጠው ሹም ፈቀደ፤ ንብረቱ እንዲወረስ ማድረግን ግን ማስረጃውን ለሚመዝነው ፍርድ ቤት ተወው። ማንሣት ለዘበኛው፥ መፍረድ ለዳኛው ሆነ።

ከሩቅ አገር ሕግ ወደ ገዛ ታሪካችን ብንመለስ፥ የቀድሞው የቁራኛ ልማድ ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። ባለ ገንዘብና ባለ ዕዳ፥ ከሳሽና ተከሳሽ በሰንሰለት ወይም በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ልማዱ ጭካኔ ስለ ነበረበት መቅረቱ የተገባ ነው። ዳሩ ግን አንድ እውነት ይዞ ነበር፤ ይኸውም አሳሪው ራሱ ታሳሪ መሆኑ ነው። ባልንጀራውን አስሮ እርሱ ግን ወደ ግብሩ ሊሄድ አይችልም፤ ስለዚህም ወደ ፍርድ ይቸኩላል። የጎማው ብረት ግን አንዱን ወገን ብቻ ያስራል። ዘበኛው ቆልፎ ወደ ምሳው ይሄዳል፤ የታመመ ልጁን ሐኪም ዘንድ ሊያደርስ የመጣውም፥ በስንፍና ያቆመውም፥ በአንድ ብረት ተይዘው በእኩል ይጠብቃሉ።

ስለዚህ መቆለፍ ግድ የሆነበት ሰፈር ቢኖር፥ አለቃው ራሱን እንደ ቁራኛ ይቍጠር እንላለን። ደንቡን በበሩ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ቁልፉ ከቅርብ ይገኝ፤ አቤቱታውንም ሳያድር ይስማ። ይህ ነገር ለመኪና ብቻ የተነገረ አይደለም። በጠረጴዛው ላይ የሰውን ፋይል ይዞ የሚያቈይ ሹምም፥ የተማሪን ወረቀት የሚያሳድር መምህርም፥ ሰንሰለቱ አይታይ እንጂ ሰው አስረዋል። የሰውን ጉዞ የገታ ሁሉ እስኪፈታው ድረስ ባለ ዕዳ መሆኑን አይርሳ።