ሸክሙን ማን ያነሣል?

ሠራተኛን በሥራው የሚያጸናው ደመወዝ ብቻ ነውን? ለዚህ ጥያቄ ከቢሮ ጠረጴዛ ይልቅ የእንጦጦ ዳገት መልስ ይሰጣል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ለአዲስ አበባ ማገዶ፣ ለብዙ ድሃ ሴቶች ደግሞ የጀርባ ሸክም ሆነ። ወደ የካ የሚወርደውን የቅጠልና የጭራሮ እስር አንዲት ሴት ልትሸከመው ትችላለች፤ ከመሬት አንሥቶ የሚያሸክማት ግን የሌላዋ እጅ ነው። ስለዚህ አብረው ይወጣሉ፤ አብረው ይወርዳሉ፤ የደከመችውን ቆመው ይጠብቃሉ። ጉልበታቸው የሚለካው በክንዳቸው ብቻ ሳይሆን በመተማመናቸውም ነው።

ሆኖም አንድ ስሕተት እንዳንፈጽም እንጠንቀቅ። ሰው በሥራው መቆየቱ ብቻውን የመልካም ግንኙነት ምስክር አይደለም፤ ድህነትም ያቆያል። «ሠራተኞቼ አይለቁም» ብሎ የሚኮራ አለቃ፣ የያዛቸው ፍቅር ይሁን ችግር አስቀድሞ ይመርምር።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. ከእነዚህ ሴቶች አንዳንዶቹ በማኅበር ተደራጅተው፣ በልማድ የወንድ ሙያ ወደነበረው ሽመና ተሻገሩ። ዳገቱን በወጡበት ኅብረት ሸክሙንም ጣሉበት። እንግዲህ የሥራ ባልንጀርነት መለኪያው ይህ ነው፦ ጓደኛን በሸክም ሥር ማቆየት ሳይሆን፣ ሲያነሣ ማገዝ፣ ሲከብደውም ማራገፍ። በየመሥሪያ ቤታችን፣ በየትምህርት ቤታችን፣ በየመድረካችን እስሩን ብቻውን ለማንሣት የሚታገል ሰው አጠገባችን የለምን?