ማር ልታሽጉ ለተነሣችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ተደራጅታችሁ የቡሌንና የይርጋጨፌን ማር በጠርሙስ እያሸጋችሁ ልትሸጡ መነሣታችሁን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። መሙያ ማሽን ልትገዙም ነው አሉ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ነውና ብራችሁን ከመቁጠራችሁ በፊት ስሙኝ፤ ማሽኑን የሚመርጠው ማሩ ነው እንጂ ሻጩ አይደለም።

ዘይት ቶሎ ይወርዳል፤ ፈሳሽ ሳሙና ዘግየት ይላል። ማር ግን ጠባዩ ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል። ዲላ ላይ ቀትር ሲሆን የሚንቆረቆረው ማር ቡሌ ደጋ ላይ ካደረ ከማንኪያ አልላቀቅ ይላል። እንግዲህ «በሰዓት ይህን ያህል ጠርሙስ ይሞላል» ያላችሁን ሰው፣ ምን ሞልቶ፣ በምን ሙቀት እንደለካው ጠይቁት። በውሃ የተለካ ቁጥር ለእናንተ አይሆንም።

ፈሳሹ በራሱ ክብደት የሚወርድበትን፣ ቧንቧው በጊዜ ተከፍቶ የሚዘጋውን ማሽን ለዘይት ነጋዴ ተዉለት። ጠዋት ማሩ ሲወፍር ያጎድላል፤ ከሰዓት ሲቀጥን ያትረፈርፋል። ለእናንተ የሚበጀው ፒስተን ያለው ነው። ፒስተኑ ወደኋላ ሲሳብ በሲሊንደሩ ልክ ይጎትታል፤ ሲገፋ ያንኑ ልክ ያወጣል። ሲሊንደሩ እስከሞላ ድረስ ማሩ ወፈረ ቀጠነ ልኩ አይዛባም። ወፍራሙን ማር በጥድፊያ ከሳባችሁት ግን ሲሊንደሩ ሳይሞላ አየር ይገባበታል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ይደርስባችኋል። ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ የሚቻልበትን ምረጡ። በጥርሳማ ማርሽ የሚገፋ ፓምፕም ለማር ይሆናል፤ ሠፈፍና የረጋ ቅንጣት ግን ስለሚጎዳው ማጣሪያችሁን ሳታስተካክሉ አትግቡበት።

በአየር ግፊት የሚሠራው ፒስተን ኮምፕረሰር ይፈልጋል፤ ኮምፕረሰሩ ደግሞ መብራት። ገበያችሁ ገና ትንሽ ከሆነ በእጅ በሚገፋው ጀምሩ፤ መብራት ሲጠፋ ሥራችሁ አይቆምም። ማሩን ለማቅጠን ብላችሁ በእሳት ላይ አትጣዱት፤ መዓዛው ይጠፋል። በሞቀ ውሃ ውስጥ ከ40 ዲግሪ ብዙ ሳታሳልፉ ቀስ ብላችሁ አሙቁት።

ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይባላልና ስለ ልኩ ደግሞ በግልጽ ልንገራችሁ። ፒስተን የሚለካው በሊትር ነው፤ ገዢው የሚከፍላችሁ በኪሎ ነው። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ግማሽ ኪሎ የምትሉት ጠርሙስ ከ360 ሚሊ ሊትር ብዙም አይርቅም። ይህን ያልተረዳ ሰው ወይ ራሱን ያከስራል፣ ወይ ገዢውን ይበድላል። ልክ መጠበቅ የአገራችሁን ስም መጠበቅም ነው፤ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። «የጌዴኦ ማር» ብላችሁ የምትለጥፉትን ስም አባቶቻችሁ ዛፍ እየተከሉ፣ እንሰትና ቡና እያሰባጠሩ ያቆዩላችሁ ነው። የጎደለ ጠርሙስ ላይ እንዲለጠፍ አልወድም።

ልትገዙ ስትሄዱ የራሳችሁን ማር ይዛችሁ ሂዱ፤ ሚዛንም ጭምር። ሃያ ጠርሙስ አስሞሉና አንድ በአንድ መዝኑ። ከሞላ በኋላ አፉ እየተንጠባጠበ የሚያዝረከርከውን ማሽን አትውሰዱ፤ ጉንዳን መጥሪያ ነው። ማር ኮምጣጣነት ስላለው የሚነካው ብረት ሁሉ የማይዝግ ይሁን፤ ናስ ካያችሁ ተመለሱ። ፈትታችሁ ማጠብና መልሳችሁ መግጠም መቻላችሁንም እዚያው ሻጮቹ ፊት ሞክሩት። የፒስተኑ ጎማ ማለቁ ስለማይቀር፣ ለምግብ የሚሆነውን መለዋወጫ ጎማ ከማሽኑ ጋር አብራችሁ ግዙ፤ አለበለዚያ ለአንዲት ጎማ ከዲላ አዲስ አበባ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛላችሁ።